ሁለተኛውን ጥያቄ ማን መለሰው?

ዝድራቭካ ባካሎቫ የሰው ፕሮግራም የምትፈትነው በክርኗ ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ሌላው ሰው አዲስ ፕሮግራም ሲያሳዩት ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ይተክላል፤ እሷ ግን ወንበር ትስብና፣ ስለ አየሩ ወይ ስለ ጎረቤቷ ውሻ እያወራች፣ ክርኗን ኪቦርዱ ላይ ጣል ታደርጋለች። ስክሪኑ በፊደል መዓት ይሞላል። ከዚያ መላኪያውን ቁልፍ ትጫንና ትጠብቃለች። ፕሮግራሙ ቀጥ ካለ ሲጋራዋን ታነሳና አንድ ቃል ሳትተነፍስ ወደ በረንዳ ትወጣለች።

የኔም ቀጥ ብሏል። ከአገር ወጥቼ ሶፊያ ከተማ ተምሬ፣ ሮሲትሳን አግብቼ፣ ስታራ ፕላኒና ተራራ ሥር ባለችው በሚስቴ ከተማ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል የተቀጠርኩ ሰሞን ነው። የበሽተኛ ስም የሚመዘግብ ፕሮግራም ጽፌ፣ የክፍሉ አንጋፋ እሷ ናትና፣ ደረቴን ነፍቼ ጠራኋት። ክርኗ አረፈ፣ ፕሮግራሜ ሞተ፣ እሷም ወጣች። ሲጋራዋን ጨርሳ ተመለሰች።

«ለስም ስንት ፊደል ቦታ ሰጠኸው?»

«ሠላሳ። ይበቃል ብዬ ነው ሌሊያ ዝድራቭካ።» ሌሊያ እንደኛ እትዬ ማለት ነው፤ እርስዎ ያልኳት ቀን ግን ጮኻብኛለች።

«ይበቃል ማለትህን ለሚጽፈው ሰው ነግረኸዋል?»

«ኧረ አልነገርኩም።»

«ለማሽኑስ?»

«ለማሽኑም አልነገርኩም።»

«በቃ፤ ጸሐፊውም አያውቅ፣ ማሽኑም አያውቅ። የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። አንተ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወደ ሚስትህ ትሮጣለህ።»

ተናደድኩ እንጂ! ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አምስት ዓመት የተማርኩ ሰውዬ ነኝ። ግን እውነቷን ነው። በሲ ውስጥ ጌትስ የሚባል አሮጌ ትእዛዝ አለ፤ ከኪቦርድ የመጣለትን ሁሉ ይቀበላል፣ የሚቀዳበትን ዕቃ ልክ ግን አያውቅም። ዕቃው ሞልቶ ሲፈስ ጎረቤቱ ላይ ይፈሳል። ጎረቤቱ ደግሞ የሌላ በሽተኛ የደም ዓይነት ሊሆን ይችላል። ዝድራቭካ ይህን ትእዛዝ ከክፍላችን አባራዋለች። በምትኩ ልኩን አስቀድመህ የምትነግረው ሌላ ትእዛዝ አለ፤ «እስከዚህ ድረስ ብቻ ቅዳ» ትለዋለህ፣ ከዚያ አያልፍም።

የሷ ሥርዓት በዚህም አያበቃም። መጀመሪያ መስመሩን ሙሉውን በልኩ ትቀበላለች። መስመሩ ከልክ በላይ ረዝሞ ከሆነ ትርፉን ጠርጋ ታወጣለች። የተቀበለችውን ወደ ቁጥር ትለውጣለች፤ ከቁጥሩ ኋላ የተንጠለጠለ ኮተት እንዳለ ታያለች። ከዚያ ደግሞ «እንዲህ ያለ ቁጥር በሰው ላይ ይኖራል ወይ?» ትላለች። መጨረሻ ላይ የተጻፈላትን መልሳ ለጸሐፊው ታነብለታለች። ጸሐፊው ምንም ሳይመልስ መስመሩ ቢዘጋስ? እሱንም አስባበታለች፤ በትናንት መልስ የዛሬውን አትሠራም። ስለ አንዲት ቁጥር ይህን ሁሉ! አንድ ቀን «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ወደ ቋንቋቸው መልሼ ብነግራት በሳቅ ልትሞት ደረሰች። በፊደላችን አስጽፋ ግድግዳዋ ላይ ለጠፈችው።

ይህን ጠባይ ከየት እንዳመጣችው የነገረችኝ አንዴ ብቻ ነው። መስከረም ላይ እቤቷ በረንዳ ሆነን ለብርዱ ወራት የሚቀመጥ ቃሪያ እየጠበስን፣ እኔ እየላጥኩ፣ እሷ ማሰሮ ውስጥ እየደረደረች። እናቷ በተራራው መንደር ፖስታ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ጎርፍ የመጣ ቀን ሰው ሁሉ ደዋይ ሆነ፤ ሁሉም ይጮኻል፣ ያለበትን መንደር ስም ያሳስታል፣ የልጁን ስም ከጎረቤቱ ስም ጋር ያደባልቃል። እናቷ ግን «ቀስ ብለህ፣ እንደገና ንገረኝ» እያሉ፣ የሰሙትን መልሰው እየተናገሩ፣ አዎ እስኪባሉ ድረስ መስመሩን አያቀብሉም። ሰዉ ይሰድባቸዋል። እሳቸው ይጠይቃሉ። የነፍስ አድን ጀልባዎቹ የተሳሳተ መንደር አልሄዱም።

«የደነገጠ ሰው መጀመሪያ የሚነግርህ ነገር ልክ አይደለም» አለችኝ ቃሪያውን እያገላበጠች። «ሊዋሽህ ፈልጎ አይምሰልህ። እጁም አፉም የሱ ስላልሆነ ነው። እኔ ፕሮግራም የምጽፈው ለደነገጠ ሰው ነው። ያልደነገጠውማ ማንም ጻፈለት ማን ይግባባል።»

እኔ በዚያን ሰዓት ነገሩ ቆንጆ ወሬ መሰለኝ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ከጻፈቻቸው ሁሉ የምትሳሳለት አንዱ ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ምግብ የሚቀምረው ነው። እነዚህ ልጆች ጡት መሳብ አይችሉም፤ ምግባቸው በደም ሥር በጠብታ ይገባል። ስኳሩ፣ ጨዉ፣ ውኃው፣ ሌላውም በክብደታቸውና በዕድሜያቸው ልክ ይሰላል። ነርሷ ትጽፋለች፣ ፕሮግራሙ ያሰላል፣ የታተመው ወረቀት ምድር ቤት ወዳለው መድኃኒት ቤት ይወርዳል፤ እዚያ ይቀመማል። ስኳሩ ቢበዛም ቢያንስም ጦሱ ለዚያች ነፍስ ነው።

የሕፃናቱ ዋና ነርስ ስቴፍካ በዚህ ፕሮግራም ሳታሾፍ አትውልም ነበር።

«ሌሊያ ዝድራቭካ፣ ፕሮግራምሽ እኮ አማት ነው! የነገርኩትን መልሶ ይጠይቀኛል።»

«አማት የምትጠይቅሽ ስለምታስብልሽ ነው።»

«ውይ፣ የኔዋን ስላላየሻት ነው! የኔዋ የምትጠይቀኝ ልታጣላኝ ነው።»

የሕፃናት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ቼርኔቭ ግን አላሾፈም፤ ከልቡ ሰልችቶት ነበር። ደግ ሰው ነው፣ ችኩል ነው እንጂ። ከሶፊያ አንድ ድርጅት ባለቀለም፣ ፈጣን፣ ወረቀቱን አሳምሮ የሚያትም አዲስ ፕሮግራም አስመጣ። ከሰኞ ጀምሮ የዝድራቭካ ይቆማል ተባለ።

«አንዴ ልሞክረው» አለች።

«ሶፊያ ተሞክሯል።»

«ማን ሞከረው?»

«የጻፉት ሰዎች ናቸዋ! ዝድራቭካ፣ በእግዚአብሔር፣ እስቲ አንዴ እንኳ ሰው እመኚ።»

ከዚህ በላይ አልተከራከረችም። ሰኞ ጠዋት የነርሶቹ ክፍል ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር ከሶኬቱ ነቅላ ጨርቅ አለበሰችው። ሬሳ የገነዘች ነው የሚመስለው።

በዚያው ሰኞ ሮሲትሳ ምጥ ያዛት። ሰባተኛ ወሯ ነው! ቁርስ እየበላን ማንኪያዋን አስቀመጠችና አየችኝ፤ ከዚያ በኋላ መኪናውን እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ረፋዱ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። በመስተዋቱ አሻግረው አሳዩኝ። እግዚኦ! ልጅ ብለው የሚያሳዩኝ ይህቺን ነው? መዳፌ ላይ ተኝታ ቦታ የሚተርፋት፣ ቆዳዋ እንደ ወይን ልጣጭ የሳሳ ነገር። ደረቷ ግን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ትታገላለች።

«አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ሃምሳ ግራም» አለኝ ዶክተር ቼርኔቭ። «ሳንባዋ መጥፎ አይደለም። ግን ስንቅ ይዛ አልመጣችም። ቶሎ መብላት አለባት፤ በልኩ ደግሞ።»

ሮሲትሳ ፎቅ ላይ ተኝታለች፤ ደም ስለፈሰሳት መነሳት አልተፈቀደላትም። ስወጣ እጄን ይዛ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፦ «መብላቷን አይተህ ንገረኝ። በሰው አትላክብኝ፣ ራስህ አይተህ።» እሺ ብዬ ወረድኩ።

የነርሶቹ ክፍል ስደርስ ሁሉም ተሰብስበዋል። ከሶፊያ የመጣው ሚሮስላቭ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ጠዋት ሲያሠለጥናቸው አርፍዷል፤ ሦስት ሳምንት የሆነው የምሳሌ ሕፃን አስገብቶ ነበር ያሳያቸው። ዝድራቭካ መስኮቱ ጋ ቆማለች። እኔን ስታይ መጣችና ጀርባዬን መታ መታ አድርጋ፣ ለቡዳ እንደሚያደርጉት ወደ ጎን እንትፍ እንትፍ አለች።

«አባትየው መጣ! ቦንቦኑ የታለ?» አለች ስቴፍካ ልታስቀኝ። እዚያ አገር ደስታ የገጠመው ሰው ባልደረቦቹን ቸኮላት ሳያቀምስ አይታለፍም። ለመሳቅ ሞከርኩ፣ ፊቴ እንቢ አለ።

ስቴፍካ ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ «ክብደት?» ይላል። ትምህርት ቤት ከገባችበት ቀን ጀምሮ እንደምትጽፈው፣ አገሩም ሁሉ እንደሚጽፈው፣ አንድ፣ ከዚያ ኮማ፣ ከዚያ ሠላሳ አምስት ብላ ጻፈች። ነጥብ አይደለም፤ እነሱ ሙሉውን ቁጥር ከሽርፍራፊው የሚለዩት በኮማ ነው። መላኪያውን ተጫነች። ስክሪኑ ብልጭ ብልጭ አለ፣ መስመሮች ተከታትለው ወደ ላይ ሮጡ፣ ማተሚያው አጉረመረመና ወረቀት ተፋ። አለቀ። በአንድ ትንፋሽ!

«አያችሁ!» ዶክተር ቼርኔቭ አጨበጨበ። «አማት በሌለበት ቤት ሥራ እንዲህ ይቀላጠፋል!» ወረቀቱን ፈረመበትና ለተላላኪዋ ሰጣት፤ ይዛ ወረደች።

እኔም ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ልጄ ልትበላ ነው።

«ሁለተኛውን ጥያቄ ማን መለሰው?» አለች ዝድራቭካ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ክብደት ጠየቀ፣ ስቴፍካ መለሰች። ቀጥሎ ዕድሜ ጠየቀ። አንብቤዋለሁ፣ ስክሪኑ ላይ አልፏል። ከዚያ የደም ስኳር ጠየቀ። ስቴፍካ፣ እጅሽ ኪቦርዱን ነክቷል?»

«እኔ… አልነካሁም። የሚያውቀው መስሎኝ።»

«ዛሬ የተወለደች ልጅ ከየት ያውቃታል?»

ሚሮስላቭ ፊቱ ተለዋወጠ። «መጠበቅ ነበረበት» አለ። ስቴፍካን አስነስቶ ራሱ ተቀመጠ፤ ፕሮግራሙን ዘግቶ እንደገና ከፈተና ክብደቱን ጻፈ፤ ፕሮግራሙ ቆሞ ዕድሜ ጠየቀው። «ይኸው ይጠብቃል!» አለ። ዝድራቭካ ጠጋ ብላ ጣቱን አየች።

«አንተ የጻፍከው በነጥብ ነው። ልማድህ ነው፣ የኔም ልማድ ነው፤ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ጣቱ ነጥብ ይለምዳል። አሁን በኮማ ጻፈው።»

ጻፈው። ጥያቄዎቹ ሁሉ ማንንም ሳይጠብቁ ተግተልትለው አለፉ።

«ኪቦርድ ላይ የተጻፈ ነገር እዚህ ኮሪደራችን ላይ ተራ እንደሚጠብቅ በሽተኛ ነው» አለች፤ ድምፅዋ አልጮኸም። «የመጀመሪያው ጥያቄ በሩን ከፍቶ አንድን አስገባት። ኮማዋን ሲያይ ‹ይቺ ቁጥር አይደለችም› ብሎ ዘጋ። ኮማዋ ሠላሳ አምስትን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ሁለተኛው ጥያቄ ሲከፍት ኮማዋ ቆማለች፤ ዘጋባት። ሦስተኛውም ዘጋባት። ያስገባትም የለ፣ ከዚያ ያስወጣትም የለ።»

«ፕሮግራሙ ታዲያ ባዶ እጁን ሲመለስ ለምን ዝም አለ?» አለ ዶክተር ቼርኔቭ።

«እሱማ ዝም አላለም። ቁጥር የሚለቅመው ትእዛዝ ሲመለስ ስንት ነገር እንዳገኘ ይናገራል። ‹ምንም አላገኘሁም› ብሏል። የሰማው የለም እንጂ።»

«ዕድሜዋን ታዲያ…» አልኩ።

«ባዶ ቦታ አልነበረማ፤ ጠዋት የገባው የሦስት ሳምንት ሕፃን እዚያው አለ። ክብደቷን አንድ ኪሎ ብቻ አደረገው፣ ዕድሜዋንና ስኳሯን ከዚያ ልጅ ወሰደ።»

ዶክተር ቼርኔቭ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ወረቀቱ!»

ሚሮስላቭ ነው የሮጠው። ወጣቱን አማዋለሁ ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ እንደሱ ያለ ሩጫ አይቼ አላውቅም። ደረጃውን እየዘለለ ሲወርድ ጫማው ሲንኳኳ እሰማለሁ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የአንድ ኪሎ ሕፃን ደም ውስጥ የፈሰሰ ስኳር ግን በምን ይለቀማል?

ወረቀቱን ጨብጦ፣ ላቡን እያንጠፈጠፈ ተመለሰ። «መድኃኒት ቀማሚዋ ስኳሩን እየለካች ነበር» አለ፤ «እጇን ያዝኳት።» ከዚያ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ዝድራቭካ የአሮጌውን ኮምፒውተር ጨርቅ ገፈፈች፣ ሶኬቱን ሰካች። ያ ማሽን እስኪነሳ! እያንጎራጎረ፣ እየቆጠረ፣ እያዛጋ። «ክብደቱን ይጻፉልኝ» የሚለው ጽሑፍ ሲመጣ ስቴፍካ ተቀመጠች። አሁን ግን የቀድሞዋ ስቴፍካ አይደለችም። ልጄን ልትገድላት ነበር፣ በገዛ ጣቷ፣ ምንም ሳታጠፋ።

ኮማውን ሁለት ጊዜ መታችው።

«ይቅርታ፣ አልገባኝም» አለ ፕሮግራሙ። «እንደገና ይጻፉልኝ።»

ደግማ ጻፈች፤ አሁን ደግሞ ኮማውን ረሳችው። መቶ ሠላሳ አምስት።

«እንዲህ የሚመዝን ሕፃን የለም። አይቸኩሉ፣ እንደገና ይጻፉልኝ።»

ስቴፍካ እንባዋ ኪቦርዱ ላይ ይወርዳል። «አልችልም» አለች። ዝድራቭካ አልቀማቻትም፣ አላስነሳቻትምም። እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ «ጻፊ የኔ ልጅ፤ እሱ ይጠብቅሻል» አለቻት።

ሦስተኛውን ጻፈች።

«አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ሃምሳ ግራም። ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አለች ስቴፍካ፤ ጮክ ብላ፣ ለማሽኑ! አዎ የሚለውን ተጫነች። ዕድሜ ጠየቃት፣ ነገረችው፣ መልሶ አነበበላት። የደም ስኳር ጠየቃት፣ ነገረችው፣ መልሶ አነበበላት።

እኔ ያንን ፕሮግራም አውቀዋለሁ። መስመር በመስመር አንብቤዋለሁ፤ አንዳንዱንም «ምን ያንዛዛዋል» ብዬ አምቼዋለሁ። ሲሠራ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለነው ሰዎች ሁሉ ደንግጠን፣ አንዳችን እንኳ ጤነኛ እጅ ሳይኖረን፣ እሱ ብቻ አልደነገጠም። አልተቆጣም፣ አልገመተም፣ ያልተነገረውን አልጨመረም። አንዲት ሴት ከስንት ዓመት በፊት እዚህ ክፍል ተቀምጣ፣ ገና ያልተወለደች ልጄን፣ ገና ያላለቀሰችውን ስቴፍካን አስባ ነበር። ስማቸውን አታውቅም። እንደሚሳሳቱ ግን አውቃ፣ ለስህተታቸው ቦታ አዘጋጅታ ቆይታለች። ጸጉሬ ቆመ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ወረቀቱ ታተመ። ዶክተር ቼርኔቭ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ የስኳሩን መስመር አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ከንፈሩ ነጣ።

«ዝድራቭካ፣ እኔ…»

«አሁን ፈርም። በኋላ ታወራለህ።»

ፈረመ። ሚሮስላቭ ከተቀመጠበት ተነስቶ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለና ራሱ ይዞ ወረደ።

እኔ መስተዋቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ከረጢቱ ተሰቀለ። ቀጭኑ ቱቦ ያቺን ክንድ የማትባል ክንድ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያው ጠብታ አበጠ፣ ተንጠለጠለ፣ ወረደ። ሁለተኛው ተከተለ። ልጄ ጣቶቿን ዘረጋች፣ መልሳ ጨበጠች። ዝድራቭካ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ እጇን ልስማት ጎንበስ ስል በሁለት እጇ ገፋችኝ።

«ወዲያ! እናትየው ብቻዋን ናት። ሂድ።»

ደረጃውን ወጣሁ። ሮሲትሳ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተኝታለች። ከንፈሯ ደርቋል፤ ዓይኗ አልተከደነም። ምን ያህል ሰዓት በሩን ስታይ እንደቆየች እግዜር ይወቅ። ስገባ አልተንቀሳቀሰችም።

«በላች?»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። መዘግየቴን ሌላ ነገር አድርጋው ፊቷ ሲለወጥ አየሁና፣ ደንግጬ፣ እጇን ፈልጌ ያዝኩ።

«በላች» አልኳት። «ራሴ አይቻለሁ። እየበላች ነው።»